ወንበርና የሰው ስሜት

ሴት አቅራቢ፦ ታይናን ሲልቬስተር የነደፈው «ሪምወርልድ» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2018 ተጠናቆ ወጥቷል። በተለመደው አጀማመሩ 3 ሰዎች ከተከሰከሰች መንኮራኩር ተርፈው ባዕድ ፕላኔት ላይ መንደር ይቆረቁራሉ።

ወንድ አቅራቢ፦ ተጫዋቹ ታዲያ ረሃባቸውን ማስታገስ ብቻ ሳይሆን ምቾታቸውንም መጠበቅ አለበት። ሰፋሪው ወንበር ላይ ሲያርፍ ወይም አልጋ ላይ ሲተኛ ምቾቱ ይጨምራል፤ ቆሞ ሲውል ይቀንሳል። ያለ ጠረጴዛ ከበላ ደግሞ ከስሜቱ 3 ነጥብ ይጎድልበታል።

ሴት አቅራቢ፦ 3 ነጥብ ምን አላት?

ወንድ አቅራቢ፦ ብቻዋን ትንሽ ናት። ከእንቅልፍ ማጣትና ከሐዘን ጋር ስትደመር ግን ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፣ ዕቃ ይሰብራል። በጨዋታው ውስጥ እኔን በጣም የሚማርከኝ የአናጺው ድርሻ ነው። የቤት ዕቃ ጥራት 7 ደረጃ አለው፤ እጁ የሠለጠነ አናጺ የሠራው ወንበር የተቀማጩን መንፈስ ያነሳል። አናጺን እንዲህ የሚያከብር ጨዋታ ብዙ አላየሁም።

ሴት አቅራቢ፦ በእኛው አዲስ አበባ፣ ልደታ ላይም የቤት ዕቃ የሰው ስሜት መንካቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም የተተካበት ሰፈር ነው። በጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ አንዱ ሶፋ ቀን የእንግዳ መቀመጫ፣ ማታ የልጆች አልጋ ይሆናል። የጎበጠ ሶፋ የቤተሰቡን ሁሉ እንቅልፍ ይነካል።

ወንድ አቅራቢ፦ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎትም እዚያው ሰፈር ነው። ቀጠሮ ለሚጠብቅ ባለጉዳይ ጭንቀቱ ራሱ ይበቃዋል፤ የማይመች መቀመጫ ሊጨመርበት አይገባም። ሰው የምታስጠብቁ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ፣ እባካችሁ መደገፊያ ያለው ወንበር አዘጋጁ!