ስንት ሊትር ውሃ እንያዝ?

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በየዓመቱ የሚመጣልኝ ስልክ ዘንድሮም መጣ። የደወለው የቀብሪ በያህ ወጣት ነው። በሐምሌ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከጅግጅጋ ሐረር በሳይክል ሊሄዱ አስበዋል። «መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በሰዓት 20 እንነዳለን፣ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ስንት ሊትር ውሃ እንያዝ?» አለኝ። የዛሬውን የዝግጅታችንን ጊዜ ለውሃ ብቻ ላውለው ነበር። ያቺ «የአምስት ሰዓት መንገድ» የምትለው ነገር ግን አላስቀመጠችኝም።

ልጄ፣ ኪሎ ሜትር አትቁጠር፤ ሰዓት ቁጠር። በየዓመቱ እላለሁ፣ በየዓመቱም ኪሎ ሜትር ቆጥሮ የሚወጣ አላጣም።

ሐምሌ ላይ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው። ወደ ሐረር የሚነዳ ሰው ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ በፊቱ ይቀበለዋል። ነፋስ በሌለበት ቀን በ20 ስትነዳ ደረትህን የሚመታው አየር ፍጥነቱ 20 ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣብህ 40 ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያው ጉልበትህ፣ በሜዳ ላይ፣ ወደ 11 ገደማ ትወርዳለህ። አምስቱ ሰዓት ዘጠኝ ሆነ ማለት ነው። ዳገቱን ገና አልቆጠርንም። ከጅግጅጋ ወጥተህ ካራማራን ትወጣለህ፣ ማርዳን አልፈህ ወደ ፋፈን ትወርዳለህ፣ የወረድከውን ደግሞ ወደ ባቢሌና ወደ ሐረር መልሰህ ትወጣዋለህ።

ስለ ነፋሱ ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ ነፋስ በዓመት ሁለት ጊዜ ፊቱን ያዞራል። በክረምት እስያ በፀሐይ ትግላለች፣ የጋለው አየር ሲነሳ የሕንድ ውቅያኖስ አየር ወደዚያ ይሳባል፣ በእኛ በኩልም ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። በበጋ እስያ ስትቀዘቅዝ ከሰሜን ምሥራቅ ይመለሳል። የወደቧ ከተማ የበርበራ ገበያ ድሮ የሚኖረው በዚሁ ነበር። ከአረብና ከሕንድ የሚመጡ የሸራ ጀልባዎች በበጋው ነፋስ ይገባሉ፣ የሐረርም ቅፍለት ግመሉን ጭኖ ይወርድላቸዋል። ነፋሱ ሲዞር ጀልባዎቹ ሄደው ከተማዋ ጭር ትላለች። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ደርሶ ወደ በርበራ የወረደው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ስለዚህ ገበያ ጽፏል። እስቲ አስቡት፤ ስንት ነጋዴ የጉዞውን ቀን በነፋስ ሲቆርጥ ኖሯል! እኛ አስፋልት ስላገኘን ነፋሱን ረሳነው።

እኔም ረስቼው ነበር። በወጣትነቴ፣ በነሐሴ ወር፣ ሦስት ሃይላንድ ውሃ ይዤ ከጅግጅጋ ረፋድ ላይ ወጣሁ። ረፋድ መውጣቴ ራሱ ጥፋት ነበር፤ ነፋሱ ማለዳ ረገብ ይላል፣ መሬቱ ሲግል ይበረታል። ፋፈን ስደርስ ሸሚዜ ደረቅ ስለነበር አላላበኝም ብዬ ተጽናናሁ። ነፋሱ ላቤን እያደረቀ ጨዉን ሸሚዜ ላይ ትቶት ነበር፣ ነጭ ነጭ መስመር ሠርቶ። ዳካታ ላይ፣ እነዚያ አንዱ በአንዱ ላይ የተቆለሉት ድንጋዮች መሃል፣ ራሴን ያመኝ ጀመር፤ አቅለሸለሸኝ። ጥም ነው ብዬ ጠጣሁ። የያዝኩት ሲያልቅ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ሞልቼ ደግሜ ጠጣሁ። ባሰብኝ።

የሻይ ቤቷ ባለቤት «ወላል፣ ፈዲሶ» አለችኝ፤ ወንድሜ፣ ተቀመጥ ማለቷ ነው። ሸሚዜን አየችና ጨው የበዛበት የፍየል ማራቅ፣ መረቅ መሆኑ ነው፣ ይዛ መጣች። እጄን ወደ ውሃው ስሰድ ሳህኑን አስጠጋችልኝ። ማራቁን ጠጥቼ ጥላ ስር ጋደም አልኩ፤ እየቆየ የእጄ መንቀጥቀጥ ተወኝ። ሳይክሌን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ሐረር ገባሁ። ለጓደኞቼ ግን በፔዳል ደረስኩ አልኳቸው። በዓመቱ ከእነሱ አንዱ እኔን አምኖ እንደ እኔው በረፋድ ወጣ፤ ባቢሌ ጉሉኮስ ተተክሎለት አደረ። ስለዚህ መኪና ላይ መጫን ነውር ነው የሚሉኝን ልጆች ስሰማ ደሜ ይፈላል። ነውሩ መዋሸቱ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ሰዓቴ እየተገባደደ ነው፤ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ላብ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሰዓት ሦስት ሩብ ሊትር ብንይዝ የአምስት ሰዓት ሰው አራት ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ የዘጠኝ ሰዓት ሰው ወደ ሰባት ይጠጋል። አየህ፣ ሰዓቱን ሳታውቅ ሊትሩን ልነግርህ አልችልም። ሁሉንም ተሸከም አልልህም፣ መንገድ ላይ ሙላ። በጠማህ ጊዜ ጠጣ፤ ውሃ ብቻ እየደጋገምክ ሆድህን አትሙላ። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ፤ ጨዉን ከዚህ አታብዛ። የባቢሌ ለውዝ ጨው ነስንሰህበት ኪስህ ውስጥ ይኑር። ጓደኛህ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ማስመለሱ አልቆም ካለ ውሃ ጠጣ እያልክ አታስጨንቀው፤ ጥላ ስር አሳርፈው፣ ሰውነቱ ከጋለ ውሃ እያፈሰስክ አናፍስለት፣ ወዲያው መኪና አስቁመህ ጤና ጣቢያ አድርሰው። የጫት መኪና ሲመጣ ደግሞ ከአስፋልቱ ውጡ፤ ያ መኪና አይጠብቅም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ውጡ፣ አምስት ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ጥላ ያዙ። ባቢሌ እደሩ፤ ሐረር በማግስቱ ትደረሳለች።

የቀብሪ በያሁ ልጅ፣ እየሰማኸኝ ከሆነ፣ ኪሎ ሜትሩን ተወውና ስንት ሰዓት የት እንደምትሆኑ ወረቀት ላይ ጻፍ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ደውለህ አንብብልኝ።