የኤሌክትሪክ ምጣድ ባለሙያ የሚያሻው መቼ ነው?



የዛሬው ንግግራችን እንጀራ ስለምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣዱ ከጭስና ከማገዶ ያሳረፈን ባለውለታችን ነው። ነገር ግን ብዙ ኃይል የሚስብና ከሊጥ፤ ከውሃም ጋር ዘወትር የሚገናኝ ዕቃ ስለ ሆነ፤ የጉዳቱን ምልክት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። ከሸክላው በታች በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ሬዚስታንስ የሚባል ጥምዝምዝ ሽቦ ተዘርግቷል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሽቦው ይግላል፤ ግለቱም ወደ ሸክላው ይተላለፋል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። ይህም 100 ዋት የሆኑ 35 አምፖሎችን ባንድ ጊዜ እንደ ማብራት ያህል ነው።

እንግዲህ እንጀራው ዓይን ባላወጣ ቁጥር ጠጋኝ አይጠራም። ሊጡ በሚገባ ሳይቦካ ቀርቶ፤ ወይም ምጣዱ በቂ ሳይግል ተቸኩሎ ይሆናል። ምጣዱ ሲደክም የቤቱ መብራት አብሮ የደከመ እንደ ሆነም፤ ጉድለቱ የመስመሩ እንጂ የምጣዱ አይደለም።

ባለሙያ የሚያስፈልገው ግን የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ነው። አንደኛ፤ የእንጀራው አንድ ወገን እየበሰለ ሌላው ወገን ዘወትር ጥሬ ሲሆን። ሁለተኛ፤ መሰኪያው ወይም ሶኬቱ ሲግል፤ ሲጠቁር፤ ወይም የተቃጠለ ጎማ ሲሸት። ሦስተኛ፤ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ ሲወድቅ። አራተኛ፤ ሸክላው ሲሰነጠቅ፤ ምክንያቱም ውሃውና ሊጡ በስንጥቁ ገብተው ከሽቦው ይደርሳሉ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በገዛ እጁ ሊጠግን ይሞክራል። የተበጠሰውን ሬዚስታንስ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ይቋጥራል፤ ምጣዱም ስለ ጋለለት የዳነ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሽቦው ርዝመት አምስተኛው እጅ ቢቆረጥ፤ 16 አምፔር ይስብ የነበረው ምጣድ 20 አምፔር ይስባል፤ ቋጠሮውም ከሌላው ይልቅ ይግልና እንደ ገና ይቃጠላል። እንዲሁም የወደቀውን ብሬከር በትልቅ መለወጥ፤ ወይም በፊውዝ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ማሰር፤ ዘበኛውን አሰናብቶ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ምልክት አምስተኛው ነው፤ ይኸውም ንዝረት ነው። የምትጋግረው ሴት «ነዘረኝ» ስትል፤ በየቤቱ የሚሰጣት መልስ «ደረቅ ጫማ አድርጊ» የሚል ነው። ጫማው ግን ምጣዱን አያድነውም። 30 ሚሊ አምፔር በሰውነት ውስጥ ቢያልፍ ለሕይወት ያሰጋል፤ ይህም ምጣዱ ከሚስበው ከአምስት መቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ተራው ብሬከር ይህን ያህሉን አይቶ አያቋርጥም። ዛሬ እጇን ነክቶ የለቀቃት ንዝረት፤ ነገ እጇ እርጥብ በሆነ ጊዜ ላይለቃት ይችላል።

ስለዚህ «ነዘረኝ» የሚል ቃል በተሰማ ጊዜ ቡኮው ቢተርፍም ይትረፍ። ምጣዱን ሳትነኩ በመጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፤ ከዚያም መሰኪያውን ንቀሉ፤ ባለሙያ ሳያየውም መልሳችሁ አትሰኩ። ባለሙያው ሲመጣ ሬዚስታንሱን ሳይቋጥር በሙሉ እንዲለውጥ፤ የሶኬቱን ሽቦ ውፍረት እንዲመረምር፤ ወደ መሬት የሚወርደውም የመከላከያ ሽቦ ከምጣዱ አካል ጋር መያያዙን እንዲያረጋግጥ ጠይቁት።

አብዛኞቻችን ጧት ወደ መሥሪያ ቤት ስንሄድ፤ ከምጣዱ ፊት የምትቀረው ሚስታችን፤ እናታችን ወይም ሠራተኛችን ናት። ምልክቱን አስቀድማ የምታየው እርሷ፤ የጠጋኙን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነን። እንግዲህ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ «ምጣዱ ነዝሮሽ ያውቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ጥያቄው ዋጋ የለውም፤ መልሱ ግን ነፍስ ያድናል።