ሁለት ሕመም በአንድ ቆዳ ላይ
(ከቦሌና ከምሥራቅ አዲስ አበባ አጥቢያዎች ለተውጣጡ የሴቶች የቁጠባ ቡድን ተወካዮችና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ቆዳ ሕመም ልናገር የቆምኩት ሐኪም ሆኜ አይደለም። በፕሮጀክት ሥራዬ ከቡድኖቻችን ጋር ስቀመጥ ደጋግሜ የምሰማው፣ በሪፖርት ቅጻችን ላይ ግን ቦታ ያልተሰጠው ችግር በመሆኑ ነው። ከዚህም በላይ እኔው ራሴ የተሳሳትኩበት ጉዳይ ስለሆነ ልነግራችሁ ይገባኛል።

በመገናኛ አካባቢ በሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት አለችን። ማታ ማታ ሰውነቷ ሳማ የለበለበው ያህል ከፍ ከፍ እያለ ይቀላል፤ ሲነጋ ምልክቱ አይገኝም። ነገሩ ወራት ሲያስቆጥር አንዳንድ ጎረቤቶቿ «ይተላለፋል» ብለው ከእርሷ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ ተዉ። እኔም የመከርኳት መስሎኝ «ምግብ ይሆናል፤ አንድ በአንድ እየተውሽ እዪው» አልኳት። እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ በርበሬውን፣ በመጨረሻም ሽሮውን ተወች። ከሳች እንጂ አልዳነችም። በዚህ መካከል ጣቶቿ ይሰነጣጠቁና ይቆስሉ ጀመር፤ ሁላችንም ያው ሕመም የባሰባት መሰለን። የቆዳ ሐኪም ዘንድ በቀረበች ጊዜ ግን ሁለት ሕመም እንዳለባት ተነገራት። አንደኛው ሥር የሰደደው ሽፍታ ነበር፤ ሁለተኛው ከፀጉር ቀለም የመጣ የንክኪ አለርጂ።

እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያውን ሐኪሞች «አርቲካሪያ» ይሉታል፤ ቃሉም ከላቲኑ የሳማ ስም የተገኘ ነው። አንዱ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላው ይጠፋል፤ ከክንድ ሲጠፋ በጭን ይወጣል፤ ሲሄድም ጠባሳ አይተውም። ይህ ለ6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲመላለስ ሥር የሰደደ ይባላል። ከ100 ሰዎች 1 ያህሉን የሚይዝ ሲሆን ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ታማሚው ከውጭ የመጣ ምክንያት አጥብቆ ይፈልጋል፤ ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ላይ መንሥኤው የተበላ ምግብም የተነካ ዕቃም አይደለም። በብዙዎቹ የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ተነሥቶ በቆዳ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲያፈስሱ ያደርጋል። ከሰው ወደ ሰው ከቶ አይተላለፍም።

የንክኪ አለርጂ ጠባዩ ሌላ ነው። ዕቃው በነካው ቦታ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ከነካ ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ነው። በአንድ ሌሊት አይጠፋም፤ ያሳክካል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላላጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ችፌ የምንለውን ይመስላል። ለዓመታት በደኅና የተነካ ነገር አንድ ቀን ሊነሣ ይችላል፤ አንዴ ከተነሣም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይኖራል።

እንግዲህ ቤታችሁ ሆናችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ቀላል ነገር አለ። ያበጠውን ቦታ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ክበቡትና በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ተመልከቱት። ክበቡ ባዶ ከሆነ ወደ አርቲካሪያ ያመለክታል። ሽፍታው በዚያው ቦታ ለቀናት ከቆየ፣ በተለይም ከተላላጠ፣ «ይህን ቦታ ምን ነካው?» ብላችሁ ጠይቁ። እብጠቱ ሳይላላጥ ከቆየ፣ ካቃጠለ ወይም እንደ በለዘ ቆዳ ምልክት ትቶ ከሄደ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በእኛ አካባቢ ቆዳን ምን እንደሚነካው ላንሣ። በፀጉር ቤቶቻችን ዋናው ተጠርጣሪ ፓራ-ፊኒሊን-ዳያሚን የተባለው የጥቁር ፀጉር ቀለም ንጥረ ነገር ነው። እናቶቻችን በእጃቸው የሚሞቁት እንሶስላ ቀይ ነው፤ የሒና ቅጠልም በተፈጥሮው ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። ለሠርግ በፍጥነት ጥቁር ሆኖ የሚወጣ «ሒና» ካያችሁ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ሊሆን እንደሚችል ዕወቁ። ስስ የላቴክስ ጓንት ይህን ቀለም ለብዙ ጊዜ አያግድም፤ የናይትራይል ጓንት ይሻላል።

በአያት፣ በሰሚትና በአራብሳ ግንባታ ላይ የሚውሉ ወንድሞቻችን ደግሞ ሲሚንቶ ይነካቸዋል። ርጥብ ሲሚንቶ በራሱ ያቃጥላል፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ደግሞ አለርጂ ያስነሣል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሲሚንቶዋ ላይ የብረት ሰልፌት በመጨመር ክሮሚየሙን ስታዳክም በሠራተኞቿ ላይ የነበረው አለርጂ ቀንሷል። ስለዚህ ጉዳዩ መፍትሔ የሌለው ዕጣ አይደለም።

ኒኬል የተባለው ብረት በርካሽ ጉትቻ፣ በቀበቶ ዘለበትና በሱሪ ቁልፍ ውስጥ ይገኛል። በአንገት ማተብ ላይ በምናንጠለጥለው የብረት መስቀልም ሊኖር ይችላል። አንዲት እናት ከመስቀሏ ሥር ደረቷ ሲቆስል ፈተና መስሏት በዝምታ ብትሸከመው አይደንቅም። መስቀሉን በእንጨት ብትለውጠው ማተቧም ይጸናል፣ ደረቷም ይድናል። በበረኪናና በፈሳሽ ሳሙና ብዛት የሚደርቅ እጅ ግን ብዙ ጊዜ አለርጂ ሳይሆን መቆጣት ነው፤ ጓንትና ቅባት ይረዱታል።

ስለ ጠበል አንድ ነገር ልጨምር። ከሥር ሰደድ ሽፍታ ዓይነቶች አንዱ በቅዝቃዜ የሚነሣው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ሙሉ አካሉን ድንገት ሲያገኘው የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ቅዝቃዜ የሚያሳብጠው ምእመን ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር፤ መጠጣት ወይም መረጨት ይበቃው እንደሆነ አባቶች ይመሩታል። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በይፋ አስተምረውናል። ነቢዩ ኢሳይያስም ለንጉሥ ሕዝቅያስ የጸሎቱን መልስ ባመጣ ጊዜ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዝዟል።

«የንክኪ አለርጂ ሥር የሰደደውን ሽፍታ ያመጣዋልን?» ብትሉ፣ በአብዛኛው አያመጣውም። ሁለቱ ግን በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ የሚነካቸውን ነገር በማስወገዳቸው ሽፍታቸውም የቀለለላቸው አንዳንድ ታማሚዎች በጥናት ታይተዋል። ስለዚህ ምርመራው ሽፍታ ላለበት ሁሉ የሚታዘዝ ሳይሆን የማይጠፋ ችፌ ለተጨመረበት ነው።

ምርመራው እ.ኤ.አ. በ1895 ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ያዳስዞን ያስተዋወቀው ነው። የተጠረጠሩት ነገሮች በጥቂቱ በጀርባ ላይ ተለጥፈው ለ48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ሲነሡ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላም ዳግም ይነበባሉ። በእነዚያ ቀናት ጀርባ ውኃ ስለማይነካው የሚጠመቅ ሰው ጊዜውን አስቀድሞ ያስተካክል። ምርመራው በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም፤ ነገር ግን የቆዳ ሐኪም ታሪኩን በማዳመጥና የተነካውን ነገር ለሳምንታት በማስቀረት ብዙ ይደርስበታል። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ዛሬ ለልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም ሁሉ የሚኬድበት ነው። ከቦሌ ዘነበወርቅ ሩቅ ነው፤ በግምት ከተተወ ማዕድ ግን ይቀርባል።

ሕክምናቸውም ይለያያል። ሥር የሰደደው ሽፍታ እንቅልፍ በማያመጡ ፀረ-ሂስታሚን ክኒኖች በየዕለቱ ይታከማል፤ አንድ ክኒን ካልበቃ መጠኑን የሚጨምር ሐኪሙ ነው። የንክኪ አለርጂን ግን ክኒኑ ብቻውን አይፈውሰውም፤ የሚነካው ነገር መወገድ አለበት። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዛ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ለጊዜው ያሻሻለ ቢመስልም ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል። ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስን የመሳት ስሜት ካለ ግን ያለ መዘግየት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ያች እኅታችን ከቡድኗ በወሰደችው አነስተኛ ብድር ሥራዋን ወደ ሹሩባ አዞረች፤ ቀለም አትነካም። ጣቶቿ ድነዋል። ሽፍታው ገና አልተዋትም፤ በክኒኑ ግን ቀሎላታል፤ ሽሮዋንም ትበላለች። ስለ ምክሬ ይቅርታ ስጠይቃት «ምክሩ ባይረባኝም ሌሎቹ ሲርቁ አንተ መጥተህ ጠይቀኸኛል» አለችኝ። ከዚህ ምሕረቷ ይልቅ የከሰለው ዓመቷ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሚያሳክከውን ሰው ከማዕድ አታርቁት። ምን መብላት እንዳለበት ከመንገራችሁ በፊት ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚነካ ጠይቁት። የመጀመሪያውን ቀን ወደ ሐኪም አብራችሁት ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።