በሩ ተቆልፎ ዋይፋዩ የተከፈተ ቤት

(ከመግሪብ ሰላት በኋላ በትክል ድንጋይ ለጀመዓችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ዛሬ ስለ ዋይፋይ እንነጋገራለን ስንል አንዳንድ አባቶች ፈገግ ብላችኋል። «ይሄ የልጆች ነገር አይደል እንዴ?» ማለታችሁ ገብቶናል። ያነሳነው ግን የአማና ጉዳይ ስለሆነብን ነው።

ጎንደር አዲስ ዓለም የሚኖር አንድ ወንድማችን የሰደቃ መዝገብ ይይዝልን ነበር። ማን ስንት እንደሰጠ፣ ለየትኛው የሟች ቤተሰብ፣ ለየትኛው ቁስለኛ እንደደረሰ ከነስልክ ቁጥሩ ላፕቶፑ ላይ አለ። ከሚያዝያ 18 ቀን 2014 በኋላ የተጀመረ መዝገብ ነው። በሸህ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ የሆነውን እዚህ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ወንድማችን ከግቢው ተከራዮች ጋር አንድ ራውተር ይጋራል፤ ክፍያውን ይካፈላሉ። የይለፍ ቃሉ ራውተሩ ሲገጠም የነበረው ነው። ልጆች ለጓደኞቻቸው ሰጡት፣ ጓደኞቻቸውም ለሌላ። አንድ ማታ በግቢው የሚኖር ክርስቲያን መምህር በሩን አንኳኳና፣ «ወንድሜ፣ ያንተ ፋይል እኔ ኮምፒውተር ላይ ይታየኛል። የሰው ስም አለበት፤ ቶሎ ዝጋው» አለው። ወንድማችን የሙሐደራ ቪዲዮ ለታናሽ ወንድሙ ለማስተላለፍ ብሎ የፋይል ማጋሪያውን ያለ ይለፍ ቃል ከፍቶ፣ መዝጋቱን ረስቶ ኖሯል። በአንድ ዋይፋይ የተያያዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ግቢ እንዳሉ ቤቶች ናቸው። አጥሩን ያለፈ ሰው የየቤቱን በር መሞከር ይችላል።

ጎረቤታችንን አላህ መልካሙን ይክፈለው። ግን ያየው እሱ ባይሆንስ ኖሮ? የሰጠ ሰው ስሙ እንዳይታወቅ ብሎ በምስጢር ሰጥቶ ነበር። የተቀበለችው እናትም አድራሻዋን ያመነችው እኛን ነው።

በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ሰላማዊ ጥያቄያችን እንዴት ይሰለል እንደነበር እናስታውሳለን። በመጋቢት 2005 የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ፣ ፊንፊሸር የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ መሆኑን አጋልጧል። ማጥመጃው የአንድ ተቃዋሚ ድርጅት አባላት ፎቶ ነበር፤ ፎቶውን ለማየት የከፈተ ሰው ኮምፒውተሩን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎችም በመጋቢት 2006 ባወጣው ዘገባ የስልክ ጥሪ መዝገብና የተቀዳ ንግግር በቀላሉ በባለሥልጣናት እጅ ይገባ እንደነበር ጽፏል። ስለዚህ እናንተን አናታልልም፦ ዋይፋይ መቆለፍ ተራ የስልክ ጥሪንና የጽሑፍ መልእክትን ከቴሌ አይሰውርም። የሚከላከለው ከጎረቤት፣ ከመንገደኛና ከሌባ ነው። የኛ ወንድም መዝገብ ግን ሊወጣ የነበረው በዚችው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ፊንፊሸር አላስፈለገም።

ራውተር ያላችሁ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ሁለት የይለፍ ቃል አለ። አንዱ ዋይፋይ የሚያስገባው ነው። ሌላው የራውተሩን ማስተካከያ የሚከፍተው ሲሆን ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በብዙ ራውተሮች ላይ ስሙም ቃሉም «አድሚን» ሆኖ ይመጣል፤ ይህን ደግሞ ዓለም ያውቀዋል። በዚያ የገባ ሰው የባንክ ገጽ ስትፈልጉ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራችሁ ይችላል። ሁለቱንም ቀይሩ። የዋይፋዩን ረዘም አድርጉት፦ አራት አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፉ ለቤተሰብ አይከብድም፣ ለገማች ግን ይከብዳል። የልጅ ስምና የስልክ ቁጥር አይሁን። የደኅንነቱን ዓይነት ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 ላይ አድርጉ፣ በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን ደብሊው ፒ ኤስ አጥፉ። መብራት ሲጠፋ ይህ ሁሉ ይጠፋል ብላችሁ አትስጉ፤ አይጠፋም። ነገር ግን ልጅም ሆነ ጠጋኝ የሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ ተጭኖ ከያዘው ወደ ወረቀቷ ቃል ይመለሳልና ያኔ እንደገና መቀየር ነው።

ብዙ ራውተር የእንግዳ ኔትወርክ አለው። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን እንጂ መኝታ ቤት አናስገባም አይደል? ተከራይም፣ የልጆች ጓደኛም በዚያ ይግባ።

እዚህ ትክል ድንጋይ አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ከስልክ ሆትስፖት ነው። የኛ የቤት ኔትወርክ እሱ ነው፤ ሕጉም ያው ነው። ከ1 እስከ 8 የተደረደረ ቁጥር የይለፍ ቃል አይባልም። ሲጨርሱም ማጥፋት ነው፤ ካርዱም ባትሪውም ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ያሳስበናል። የጀመዓችን የቴሌግራም ቡድን አስተዳዳሪዎች ስማችሁ የናንተ ብቻ አይደለም። በስልክ የምትመጣውን የመግቢያ ቁጥር ያገኘ ሰው በናንተ ስም ገብቶ «መስጂድ ተቃጠለ» ብሎ መጻፍ ይችላል። በ2014 የጎንደሩ እሳት ስልጤ ድረስ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ሲያቃጥል አይተናል። ሰላማዊ ነን ስንል በስማችን የሚጻፈውንም መጠበቅ አለብን። ቴሌግራም ላይ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ዛሬ ማታ አብሩ። የመግቢያዋን ቁጥር ለማንም አትንገሩ፣ ከቴሌ ነው የምደውለው ቢላችሁም፣ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም።

መዝገቡስ ምን ሆነ? ከላፕቶፑ ወጥቶ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፍላሽ ተቀምጧል፤ ቅጂው በሌላ ወንድም እጅ ነው። ስማችሁ በመዝገቡ ያለ ሁሉ ስለሆነው ነገር የማወቅ መብት ስላላችሁ ነው በግልጽ የነገርናችሁ። አፉ በሉን።

ከዒሻ በኋላ የሚችሉ ልጆች መድረሳው ውስጥ ይቀመጣሉ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ራውተር ያላችሁ የወረቀቷን ፎቶ አንሱ፣ ለማንም ግን አትላኩት። እናቶች በሴቶች በኩል እህቶች ይጠብቋችኋል። የይለፍ ቃላችሁን የምትጽፉት እናንተው ናችሁ፤ ልጆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።