ምርመራው አለ፤ ትመረመራለህ?

አቅራቢት፦ መሞቻህን የሚነግርህ ቢገኝ ትጠይቀዋለህ?

አቅራቢ፦ ይቅርብኝ! ጠንቋይ ቤት የምሄድ መሰልኩሽ?

አቅራቢት፦ የምን ጠንቋይ፣ የደም ምርመራ ነው እንጂ። ሀንቲንግተን የሚባል የአንጎል በሽታ አለ፤ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ከወላጆች አንዱ ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አሜሪካዊቷን ተመራማሪ ናንሲ ዌክስለርን እናቷን የነጠቃት እሱ ነው። ቬንዙዌላ፣ ማራካይቦ ሐይቅ ዳር ድረስ እየሄደች በሽታው ካለባቸው ቤተሰቦች ደም አሰባሰበች። በዚያ ደም አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1993 የበሽታው ዘረመል ተገኘ። ዛሬ ማን እንደወረሰው በደም ምርመራ ይታወቃል።

አቅራቢ፦ እሷስ ተመረመረች?

አቅራቢት፦ መንገዱን ጠርጋ ስታበቃ፣ እሷ አልመረመርም አለች! በሽታው እንዳለባት በአደባባይ የተናገረችው እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ74 ዓመቷ ነው።

አቅራቢ፦ አየሽ? ሥራዋን ሠርታ፣ ዕድሜዋን ኖራ! እኔ ብሆን፣ ባወቅኩ ማግስት ሥራ አቁሜ አልጋ ላይ ነበርኩ።

አቅራቢት፦ እኔ ግን እመረመር ነበር። አሁን ልጅ ለመውለድ የሚያስብ ሰው፣ ሳያውቅ እንዴት ይወስናል?

አቅራቢ፦ እሱ ላይ ረታሽኝ። እሺ፣ ለልጅ ሲባል ልመርመር፤ ውጤቱን ግን ለባለቤቴ ብቻ ይንገሯት።

አቅራቢት፦ አይ ወንድሜ! ማታ እራት ስታቀርብ ፊቷን አይተህ ልትረዳው?