ስለ አንዲት የዋንዛ ሳጥን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ርዝመቷ 60፣ ወርዷ 40፣ ቁመቷ 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ «ለዚህች ይህን ያህል ሰው ይሰበሰባል?» የሚል ቢኖር አንቀየመውም።

እኛ አራት ተማሪዎች በሁለት የዕረፍት ጊዜ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና መንዲ እየተዘዋወርን፣ ከሽማግሌዎች የሰማነውን ተረትና ምሳሌ በ11 ደብተሮች ጽፈን ነበር። አሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ኋላ በነቀምቴ ያስተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ባሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ ይህንኑ ሠርተዋልና። እኛ ግን ደብተሮቹን በካርቶን አድርገን በተከራየነው ቤት ጥግ፣ መሬት ላይ ትተናቸው ሄድን። ከክረምት ዕረፍት ስንመለስ ካርቶኑ ከላይ ደኅና ይመስላል፤ ብናነሣው ታች የለውም። ምስጥ 7ቱን ደብተር አፈር አድርጓቸዋል። የወለጋ ምስጥ፣ ይልቁንም የመንዲ በኩሉ፣ የገበሬውን ሰብልና ቤት እንደሚበላ እያወቅን ይህን ማድረጋችን ስንፍና ነው። ከጠፋው ውስጥ የአንድ አዛውንት ቃል ነበረ፤ እርሳቸውም በዚያው ክረምት ዐርፈዋል።

ስለዚህ ሳጥን ለመሥራት ተነሣን። የመጀመሪያይቱን ርካሽ ነው ብለን በእርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ሠራናት። በ3 ሳምንት ክዳኗ ጠመመ። አንድ አናጢ አይተው፣ «ልጆች፣ ለምስጡ ምሳውን ቋጠራችሁለት እኮ!» ብለው ሳቁብን። ሁለተኛይቱን ከፈረሰ ቤት ከወጣ የዋንዛ በር ሠራናት። አሮጌ ስለ ሆነ ደርቆ ያለቀ ነው፤ የዋንዛን ልብ ደግሞ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ነጩን ጠርዝ ግን ቈርጠን ጣልነው።

ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከቤት አከራያችን ነው። ሳጥኗን ወለል ላይ ስናስቀምጥ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ጎተራ መሬት ላይ ተቀምጦ አይታችኋል?» አሉን። አፈርን። ወዲያው 20 ሳንቲ ሜትር እግሮች አበጀንላትና እያንዳንዱን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆምን፤ ከግድግዳውም አንድ ክንድ አራቅናት። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይወድ የጭቃ መሸፈኛ እየሠራ ነው የሚወጣው። ወለል ላይ በተዘረጋ ዕቃ ሥር መንገዱ አይታይም፤ በእግር ላይ ግን በአንድ ዕይታ ይገኛል። ዝናቡ በሚረዝምበት አገራችን ወረቀቱ እንዳይሻግትም በጎንና በጎኗ ቀዳዳ በስተን ወንፊት ሽቦ መታንበት። ስለ ቁልፍ ሁለት ማታ ተከራክረን፣ ሁለት ለሁለት ስለ ተለያየን ያለ ቁልፍ ቀረች።

ከጠፉት ደብተሮች የ3ቱን ተራኪዎች እንደ ገና ሄደን ጠይቀን ጽፈናል። የአዛውንቱን ግን ልጃቸው ያስታወሱልንን አራት ገጽ ተኩል ብቻ አገኘን። ሳጥኗ አሁንም ከግማሽ በላይ ባዶ ናት። ከሽማግሌ የሰማውን ጽፎ ያስቀመጠ ተማሪ ካለ ያምጣልን፤ ጣሳዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ እናያቸዋለን።