ውርጭ ተባይን ይገድላልን?



በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ሲል፥ በደጋው አገራችን ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ጧት ማሳችሁን ስታዩ ባቄላው ጠቁሮ ይቆያችኋል። ያን ጊዜ፦ «እህሉን ቢጎዳውም ተባዩን አብሮ ጨርሶልናል» ብሎ የሚጽናና አይጠፋም። ይህ ማጽናኛ ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

ሰውና ከብት ሙቀታቸውን ከገላቸው ያመነጫሉ። የነፍሳትና የእንቁራሪት ገላ ግን እንደ አካባቢው አየር ይሞቃል፥ ይቀዘቅዛል። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይሰፋል፤ በገላ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሥጋን ይቀዳድዳል። ባቄላውን ያጠቆረውም ይኸው ነው። ከዚህ አደጋ የሚያመልጡበት መንገድ ሦስት ነው።

1ኛ፤ መሸሸግ። ውርጭ የሚበረታው በምድር ገጽ ላይ ነው፤ ከአፈሩ ሥር ግን የቀኑ ሙቀት ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ቆራጭ ትልና የፌንጣ እንቁላል በአፈር ውስጥ፥ የአገዳ ቆርቁርም በአገዳ ውስጥ ተሸሽገው ያሳልፉታል።

2ኛ፤ እንዳይረጉ መከላከል። ብርዱ ለወራት በሚጸናባቸው አገሮች ብዙ ነፍሳት አስቀድመው ሆዳቸውን ባዶ ያደርጋሉ፤ በሆድ ያለ ጉድፍ የበረዶ መነሻ ይሆናልና። ግሊሰሪን የሚባል ወፍራም ፈሳሽም በገላቸው ያዘጋጃሉ። በዚህም ፈሳሻቸው ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶ እንኳ ሳይረጋ ይቆያል።

3ኛ፤ መርጋትን መቻል። በሰሜን አሜሪካ የምትገኝ አንዲት የጫካ እንቁራሪት ልቧ ቆሞ፥ ትንፋሽዋ ተቋርጦ፥ ከገላዋ ውሃ ከግማሽ የሚበልጠው በረዶ ሆኖ ትሰነብታለች። ጉበቷ የሚያመነጨው ስኳር ሥጋዋን ይጠብቅላታል፤ ብርዱ ሲያልፍ ቀልጣ ትነሣለች።

በእኛ አገር ውርጩ የሌሊት ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ታሞቃለች። ስለዚህ የተሸሸገውን ተባይ የማጥፋቱ ሥራ የእናንተው ነው።

የበቆሎና የማሽላ አገዳ ከመሬት አስጠግታችሁ ቁረጡ። ቆርቁሩ በውስጡ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃልና አቁማችሁ አትከምሩት፤ በማሳው ላይ አጋድማችሁ አራት ሳምንት ያህል ፀሐይ ይምታው። ከመከር በኋላም ማሳውን እረሱ፤ የተገለበጠውን ትልና እንቁላል ወፍና ፀሐይ ይጨርሱታል።

ንብ ግን ወዳጃችሁ ናት። ብቻዋን ስትሆን ብርድ ያደነዝዛታል፤ በቀፎዋ ግን ከጓደኞችዋ ጋር ተጠጋግታ፥ ማር እየበላች ሙቀት ታመነጫለች። ማሯ ካለቀ ግን ማገዶዋ አለቀ። እንግዲህ በጥቅምትና በኅዳር ማር ስትቆርጡ ለእርሷም አስቀሩላት። ሁሉን የወሰደ፥ በጥር ባዶ ቀፎ ያገኛል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ! ውርጭ በወረደ ማግስት አንድ አገዳ በገበሬው ፊት ሰንጥቁ። የደነዘዘ ትል ስታገኙ ፀሐይ ላይ አኑሩትና ጥቂት ጠብቁ። ትሉ ሲንቀሳቀስ ያየ ገበሬ፥ አገዳውን ለማጋደም ሌላ ምክር አያሻውም።